«ጥቅሱ የት ሄደ?» ስለ አዳዲስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ከአንባብያን የደረሱን ጥያቄዎች

ስለ አዳዲሶቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች የደረሱን ደብዳቤዎች ሁለት ጎራ ይዘዋል። አንዱ «ቃሉን ሸረፉት» ይላል፤ ሌላው «ገና አሁን ገባን» ይላል። ደብዳቤዎቹ ሲገላበጡ ግን ክርክሩ አንድ አይደለም፤ ሦስት ክርክሮች ተደራርበዋል። ከየትኛው ቅጂ ተተረጐመ? የትኞቹ መጻሕፍት ገቡ? አማርኛው እንዴት ተቀረጸ? አንዱን በሌላው የሚመልስ ሰው መቼም አይግባባም።

ስያሜዎቹ እንዳይምታቱ፦ «የ1954ቱ» የምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከዕብራይስጥና ከግሪክ ተተርጕሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣውንና ዛሬ በብዛት በ66 መጻሕፍት የሚሸጠውን ነው። «አዲሱ መደበኛ» በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። «ሰማንያ አሐዱ» ስንል ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችውን ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ማቴዎስ 17 ከ20 ተነሥቶ 22 ላይ ያርፋል። ዮሐንስ 5 ላይ አራተኛው ቁጥር የለም፤ የሐዋርያት ሥራ 8፥37ም እንዲሁ። ሆን ብሎ የቀነሰ ከሌለ ቁጥር እንዴት ይዘላል? እኔ ሳይነካ በቆየው በ1954ቱ እጸናለሁ። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከቁጥሩ እንነሣ። ሐዋርያት ሲጽፉ የጥቅስ ቁጥር አልነበረም። ዛሬ የምንጠቀምበትን የሐዲስ ኪዳን ቁጥር የሰጠው ሮቤር ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ ሲሆን ጊዜው 1551 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ቁጥር የሰጠው በእጁ ለነበረው የግሪክ እትም ነው። የዚያ እትም መሠረት ደግሞ ኤራስመስ የተባለ ሊቅ በ1516 ባዝል ላይ ያሳተመው ነው፤ ኤራስመስ ያገኛቸው ቅጂዎች ጥቂት ነበሩ፣ አብዛኞቹም የተጻፉት በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ የቀደሙ ብራናዎችና ፓፒረሶች ተገኙ። በሲና ቅድስት ካትሪን ገዳም የነበረው የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂና በቫቲካን ያለው እኩያው፣ እርስዎ የጠቀሷቸውን ሦስት ቁጥሮች አልያዙም፤ በዮሐንስና በሐዋርያት ሥራ ደግሞ ከእነሱም የሚቀድሙ ፓፒረሶች ይህንኑ ያሳያሉ። ተርጓሚው ይህን ተከትሎ ሐረጉን ወደ ግርጌ ሲያወርደው ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል። አዲስ ቁጥር ቢሰጥ ኖሮ የዓለም ማመሳከሪያ ሁሉ ይፋለስ ስለ ነበር ክፍተቱ እንዳለ ተተወ። የሚቀንስ ሰው ዱካውን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን ዱካው ገሃድ ነው።

ሐረጉ ቀድሞ እንዴት ገባ? ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ኅዳግ ነው፦ አንባቢ በገጹ ዳር ማብራሪያ ይጽፋል፣ ቀጣዩ ጸሓፊ የተዘለለ መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስለ መጠመቂያይቱና ውኃውን ስለሚያናውጠው መልአክ የሚናገረው ዮሐንስ 5፥4 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቁጥር 7 ላይ ሕመምተኛው «ውኃው በተናወጠ ጊዜ» የሚለውን ያስረዳል። ሁለተኛው ማመሳሰል ነው፦ አንዱን ወንጌል በቃሉ የሚያውቅ ጸሓፊ ሌላውን ሲገለብጥ የሚያውቀውን ይጨምራል። ማቴዎስ 17፥21 ከማርቆስ 9፥29 የመጣ ይመስላል።

ማርቆስ 9፥29 ራሱ ሌላ ቅሬታ አስነሥቷል። የ1954ቱ «በጸሎትና በጦም» ሲል አንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች «ጦም»ን ግርጌ ያወርዳሉ። ከባሕር ዳር የጻፉልን አንባቢ «ጦምን ለማጥፋት የተሸረበ» ብለውታል። እዚህ ላይ ለቅሬታው ግማሽ መንገድ እንሄዳለን፦ «ጦም» የሌለባቸው ቅጂዎች በዕድሜ የከበሩ ይሁኑ እንጂ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው እንደ ዮሐንስ 5፥4 የለየለት አይደለም። ሸረባ ለማለት ግን አያስኬድም። «ስትጦሙም» የሚለው ማቴዎስ 6፥16 እና ሙሽራው ሲወሰድ ይጦማሉ የሚለው 9፥15 በእነዚያው ትርጉሞች ሙሉ ናቸው። ጦምን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው እነሱን ትቶ አያልፍም።

ወደ አዳማው አንባቢ እንመለስ። «የ1954ቱ አልተነካም» ያሉት ግን አያስኬድም። የራስዎን ቅጂ ይክፈቱና ሦስት ቦታ ይመልከቱ። 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ በድሮው የእንግሊዝኛ ኪንግ ጄምስ «በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት ናቸው፣ አብ ቃልና መንፈስ ቅዱስ» የሚል አለ፤ የ1954ቱ ግን «የሚመሰክሩት መንፈሱና ውኃው ደሙም ሦስት ናቸውና» ብሎ ያልፋል። ኤራስመስም በ1516 እና በ1519 እትሞቹ አላስገባውም ነበር፤ ያስገባው ተቃውሞ ሲበዛበት በ1522 ነው። ሮሜ 8፥1 ላይ ኪንግ ጄምስ «እንደ ሥጋ ሳይሆን እንደ መንፈስ ለሚመላለሱ» ብሎ ሲያስረዝም የ1954ቱ «አሁን ኵነኔ የለባቸውም» ብሎ ያበቃል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16ም በኪንግ ጄምስ «እግዚአብሔር በሥጋ ተገለጠ» ሲሆን በ1954ቱ «በሥጋ የተገለጠ» ብቻ ነው። የ1954 ተርጓሚዎች የዘመናቸውን የግሪክ እትም አይተዋል፣ በአንዳንድ ቦታ ረጅሙን ንባብ ትተዋል፣ በአንዳንድ ቦታ ጠብቀዋል። ከአዲሶቹ ጋር ያላቸው ልዩነት የመጠን ነው።

ማርቆስ 16፥9–20 እና ዮሐንስ 7፥53–8፥11 ወጥተዋል ብለው የጻፉልንም አሉ። ከታወቁት አዳዲስ ትርጉሞች አብዛኞቹ ሁለቱንም በገጹ ላይ አስቀርተው በመስመር ወይም በቅንፍ ይለያሉ፤ የጥንቶቹ ቅጂዎች አልያዟቸውም የሚል ማስታወሻም ያክላሉ። የቅጂ ልዩነትን መናገር ለእኛ ሀገርም እንግዳ አይደለም። የአንድምታ (የግእዙ መጻሕፍት ባህላዊ ትርጓሜ) መምህራን «አብነት» እያሉ የሌላውን ቅጂ ንባብ ከነትርጓሜው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ግርጌ ማስታወሻ የዚያው ታናሽ ወንድም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው የምለው። የ1954ቱ አማርኛ ለዛሬ ልጅ እንግዳ ቋንቋ ነው፤ ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ» ትርቃለች ሲባል ልጆች ገጽ መቁጠር ይጀምራሉ። ለምን በቀላሉ ትርጉም ሙሉ በሙሉ አንተካውም? (የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በምዕራፉ ልክ ነዎት። ሉቃስ 24፥13 ላይ ያለው የግሪክ ስታዲዮን ነው፤ አንዱ 185 ሜትር ያህል ስለሆነ 60ው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዮሐንስ 2፥6 «ሁለት ወይም ሦስት እንስራ» የተባለውም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው አንዱ 39 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ጋን ከ80 እስከ 120 ሊትር፣ ስድስቱ በአንድነት ከ480 እስከ 700 ሊትር በላይ ይሆናሉ። «እንስራ» ሲባል ሴት በጀርባዋ የምታዝለው የሚመጣበት ሰው የተአምሩን ብዛት አያየውም። መክሊትም ዛሬ «ተሰጥኦ» ሆኖ ቀርቷል፤ በማቴዎስ 18 ግን 6,000 ዲናር የሚያህል የገንዘብ መጠን ነው፣ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ። አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ የነበረበት ሰው ስንት ዓመት መሥራት እንደ ነበረበት ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት፤ ምሳሌው ያኔ ይገባቸዋል።

ጉዳት ያደረሰ ቃልም አለ፦ ለምጽ። በዘሌዋውያን 13 እና 14 ያለው የዕብራይስጥ ቃል የአንድ በሽታ ስም ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም በልብስና በቤት ግድግዳም ላይ ይወጣል። በአማርኛ ለምጽ የሚባለው ደግሞ የቆዳ ቀለም የሚነጣበት፣ የማይተላለፍና ሥጋ ደዌም ያልሆነ ነው። ለምጽ ያለበት ሰው «ርኩስ» ተብሎ የሚታይበት አንዱ ምንጭ ይህ የቃል ምርጫ ነው። «ተላላፊ የቆዳ በሽታ» የሚሉ ትርጉሞች ውበት ቢያጡም እዚህ ላይ ይሻላሉ።

ሙሉ በሙሉ መተካቱን ግን አንመክርም። መዝሙር 23ን በሁለቱ ያንብቡ። የ1954ቱ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» ይላል፤ አዲሱ መደበኛ «አንዳች አይጐድልብኝም»። ለዕብራይስጡ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ግሱ «አላጣም» ዓይነት ነው። የፊተኛው ግን የግእዙን ዳዊት አካሄድ ይዟል፣ ዜማ አለው፣ ለቃል ጥናትም ይመቻል። ሕፃን በቃሉ የሚይዘው የሚዘመር ነገር ነው። ታሪክ (ሉቃስ 15፣ ሩት፣ ዮናስ) በቀላሉ ትርጉም፣ መዝሙርና ኢሳይያስ በ1954ቱ ቢነበብ ሁለቱም ቦታ ያገኛል። ሮሜና ገላትያ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጉ፤ ቀላሉ ትርጉም የሐዋርያውን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲቆራርጥ «ምክንያቱም»ና «ስለዚህ» የሚሉ ማያያዣዎች ይጠፋሉ፣ ክርክሩም መገጣጠሚያው ይላላል።

ጥያቄ፦ ሮሜ 8፥34። የ1954ቱ «ስለ እኛ የሚማልደው» ይላል፤ ሰማንያ አሐዱ «ስለ እኛ የሚፈርደው»። የቱ ነው የተለወጠው? (ሁለት አንባብያን በየፊናቸው፤ አንዱ ከደሴ «ፕሮቴስታንቶች ለወጡት»፣ ሌላው ከነቀምቴ «ኦርቶዶክሶች ለወጡት» ብለዋል)

መልስ፦ በአማርኛ ትርጉሞች ላይ የዚህን ጥቅስ ያህል ያጣላ የለም፤ የሚያጣላውም ሰዋስዉ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው የምልጃ ትምህርት ነው። እኛ በቃሉ ላይ እንቆማለን።

በግሪኩ ያለው ግስ ኤንቱንካኖ ነው። መነሻው «መገናኘት» ሲሆን በኋላ ወደ ሹም ቀርቦ አቤት ማለትን ያመለክታል። ያው ግስ በሐዋርያት ሥራ 25፥24 አይሁድ አገረ ገዡ ፊስጦስ ዘንድ ስለ ጳውሎስ ያቀረቡትን አቤቱታ ይገልጻል። በሮሜ 11፥2 ደግሞ ኤልያስ «በእስራኤል ላይ» እግዚአብሔር ዘንድ ሲከስ እናገኘዋለን። አቅጣጫውን የሚወስነው ተከታዩ መስተዋድድ ነው፦ በሮሜ 11 «በላይ»፣ በሮሜ 8፥34 ግን «ስለ»። ስለዚህ ከግሪክ የሚተረጕም ሰው «ስለ እኛ አቤት የሚል፣ የሚማልድ» ከማለት ሌላ ሰፊ ምርጫ የለውም። ዕብራውያን 7፥25ም ያንኑ ግስ ይዟል። «የ1954ቱ ፈጥሮ አመጣው» የሚለው ክስ በዚህ ይወድቃል።

«ሰማንያ አሐዱ ሆን ብሎ አጣመመው» የሚለውም የሚዘነጋው ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ንባብን የምትመዝነው በግእዙና በአንድምታው ነው፤ በዚያ ትምህርት ክርስቶስ ከዕርገት በኋላ በፈራጅነት ይነገራል፣ «ማለደ» የሚለው በሥጋ ወራት ለፈጸመው የማዳን ሥራ ይሰጣል። የምዕራፉም መድረክ የችሎት ነው፦ «የሚከሳቸው ማን ነው? የሚኰንንስ ማን ነው?» ይላል። «ስለ እኛ የሚፈርደው» የሚለው ከዚህ መድረክ ጋር አይጣላም፤ ከግሪኩ ግስ ጋር ግን አይገጥምም። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ ትርጓሜውን የሚያውቁ ሊቃውንት መልስ ቢጽፉ እናስተናግዳለን። በጉባኤ መካከል ጥቅሱን የሚያነሣ ሰው ግን መጀመሪያ ከየትኛው እትም እንደሚያነብ ይናገር፤ ጠቡ ግማሽ በግማሽ የሚነሣው ይህ ስለማይነገር ነው።

ጥያቄ፦ ቄሱ «መዝሙር 50» ሲሉ እኔ የምከፍተው ሌላ መዝሙር ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ግእዙ የሰባ ሊቃናቱን (የጥንቱን የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም) አቈጣጠር ይከተላል፤ ከዕብራይስጥ የተተረጐሙት ሌላውን። ከ1 እስከ 8 አንድ ናቸው። የዕብራይስጡ 9 እና 10 በግእዙ ተጋጥመው 9 ይሆናሉ። ከ11 እስከ 113 ካለው አንድ ይቀንሱ፦ «ማረኝ» 51 ሲሆን በግእዙ 50፣ «በልዑል መጠጊያ» 91 ሲሆን 90 ነው። 114 እና 115 ተጋጥመው 113፤ 116 ተከፍሎ 114 እና 115። ከ117 እስከ 146 እንደገና አንድ ይቀንሱ። 147 ተከፍሎ 146 እና 147 ይሆናል፣ ከ148 እስከ 150 እንደገና ይገናኛሉ። ግእዙ 151ኛም አለው። አንዳንድ እትም ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ስለሚያትም ከመግዛትዎ በፊት 23ኛውን ገልጠው ይዩ። የመዝሙሩን አርእስት እንደ ቁጥር የሚቈጥሩ እትሞችም ስላሉ በጥቅሱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ቢለያይ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ 66፣ 73፣ 81። ትክክለኛው ስንት ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ ይህ የቀኖና (የትኞቹ መጻሕፍት ይገባሉ የሚል) ጥያቄ እንጂ የትርጉም አይደለም፤ መልሱም እንደየቤተ ክርስቲያኑ ነው። ለገዢ የሚጠቅመውን ብቻ እንንገርዎ። 66 የፕሮቴስታንት፣ 73 የካቶሊክ፣ 81 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ሄኖክና ኩፋሌን ከፈለጉ ካቶሊካዊው እትም ውስጥ አያገኟቸውም። በ81ዱ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያንም በካቶሊኩ ካሉት ሁለቱ ጋር በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ሌላ መጻሕፍት ናቸው፤ ለጥናት ቡድን አንዱን ከሌላው አያቀላቅሉ። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ሲሆን የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ከእሱ ይጠቅሳሉ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። ጌታ በሲካር ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጠው በአማርኛው «ስድስት ሰዓት ያህል»፣ በእነሱ አንዱ እትም «ቀትር» ነው። ጴንጤቆስጤ ላይም እኛ «ሦስተኛ ሰዓት» ስንል የእነሱ «ከጠዋቱ ዘጠኝ» ይላል። የትኛው ተሳሳተ? (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ ማናቸውም። በወንጌል ዘመን ቀን የሚቈጠረው ከፀሐይ መውጫ ነበር፤ አማርኛም እስከ ዛሬ የሚቈጥረው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ዮሐንስ 4፥6 ላይ ስድስት ሰዓት ሲል ቀትር መሆኑን ያለ ማስታወሻ ያውቃል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ግን ወይ «ስድስተኛው ሰዓት» ብሎ በግርጌ ያብራራል፣ ወይ ወደ ራሱ ሰዓት ይለውጣል። በማርቆስ 15፥33 ጨለማው ከስድስት እስከ ዘጠኝ የሆነው በእነሱ ከ12 እስከ 3 ነው። ለልጆቹ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ያስተምሯቸው። ስሕተት የሚመጣው የእንግሊዝኛ ስብከት ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው፦ «ሦስት ሰዓት ላይ ሞተ» ከተባለ ጌታ በማለዳ ሞተ ማለት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በስልኬ ላይ ያሉት ትርጉሞች ፍለጋ አይሠሩም። «ሀጢያት» ብዬ ስጽፍ «አልተገኘም» ይለኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኀጢአት የለም? (ከጅዳ)

መልስ፦ አለ፣ በሽ በሽ ነው። የ1954ቱ «ኃጢአት»፣ አዲሱ መደበኛ «ኀጢአት» ብለው ይጽፋሉ፤ ስልኩ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን እንደ አራት የማይተዋወቁ ፊደላት ያያቸዋል። አጭሩ ዘዴ አወዛጋቢውን ፊደል መተው ነው፦ «ጢአ» ብቻ (በ«ያ» ሳይሆን በ«አ») ብለው ይፈልጉ፤ «በኃጢአታችን»ም «ኀጢአተኛ»ም ይወጣሉ። መተግበሪያው ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልግ ከሆነ በሁሉም አጻጻፍ መሞከር ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ያስቸግራሉ። «ቁጣ» ጠፍቶ ከሆነ «ቍጣ» ብለው ይጻፉ፤ ቍ፣ ጕ እና ኵን ስልኩ ከቁ፣ ጉ እና ኩ ለይቶ ያያቸዋል። የ1954ቱ «እንደ ሆነ» ብሎ ነጥሎ ስለሚጽፍም «እንደሆነ» ብለው ገጥመው ቢፈልጉ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።